የኩንታል ነገር፦ ከቂንጣር እስከ ቆቦ ገበያ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ በየቤታችን፣ በየጎተራችንና በየገበያችን በየዕለቱ ይጠራል፤ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው ግን ብዙ የለም። ይህ ቃል «ኩንታል» ነው።

ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘውን ቆቦን ያየ ሰው ሜዳዋን አይረሳም። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ቆመዋል፤ ከተራሮቹ ወዲያ የአፋር ቆላ አለ፤ ወዲህ ደግሞ ዝናብና ጎርፍ በደህና ካገኘ ማሽላና ጤፍ የሚያጥለቀልቀው የራያ ሜዳ ተዘርግቷል። አዝመራ ሲገባ በአካባቢው ገበያ አማርኛውም፣ ትግርኛውም፣ አፋርኛውም ይሰማል። ነጋዴው «ማሽላ ኩንታሉ ስንት ገባ?» ይላል። ጎረቤት «ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገባህ?» ብሎ ይጠይቃል። እናት ለጎረቤቷ «እስቲ ባዶ ኩንታል አውሺኝ» ትላለች። ከሰል ሻጩም «አንድ ኩንታል ከሰል» ብሎ ይጠራል።

ልብ ብለን ካዳመጥን እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። የነጋዴው ኩንታል በሚዛን 100 ኪሎ ነው። የጎረቤቱ ኩንታል በጆንያ ቁጥር የተገመተ ነው። የእናት ኩንታል እህል የሌለበት ባዶ ጆንያ ነው። የከሰሉ ኩንታል ደግሞ ጢም ብሎ ቢሞላም 100 ኪሎ የሚደርስ አይደለም። ታዲያ ይህ ቃል እንዴት እንዲህ ሆነ? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ ይኖርብናል።

ቂንጣር በቁርኣን

ቁርኣን የሚቀራ ሰው የዚህን ቃል ወንድም ያውቀዋል። እርሱም «ቂንጣር» ነው፤ ሲበዛ «ቀናጢር» ይባላል። በሦስት አንቀጾች ውስጥ ተወስቷል። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን አንቀጽ 14 ላይ ለሰዎች ከተሸለሙላቸው የዱንያ ፍላጎቶች መካከል የወርቅና የብር ክምችት በዚህ ቃል ተነግሯል። በዚያው ሱራ አንቀጽ 75 ላይ ከመጽሐፉ ሰዎች መካከል ቂንጣር ያህል ቢታመን አሟልቶ የሚመልስ እንዳለ፣ አንዲት ዲናር እንኳ ቢታመን የማይመልስም እንዳለ አላህ ነግሮናል። በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 20 ላይ ደግሞ ባል ለሚስቱ ቂንጣር ያህል እንኳ ሰጥቷት ቢሆን ሊለያት ሲፈልግ ምንም ነገር እንዳይወስድባት ተከልክሏል።

ቂንጣር ስንት ነው? ሙፈሲሮች በዚህ ላይ ብዙ ንግግር አስፍረዋል። ኢማም አጥ-ጠበሪ (በ310 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት) ከቀደምት የተላለፉ ንግግሮችን ሲዘረዝሩ 1,200 ወቂያ ያሉ አሉ፤ 1,200 ዲናር ያሉም አሉ፤ ሌሎች 100 ረጥል ብለዋል፤ በወርቅ የተሞላ የበሬ ቆዳ ነው ያሉም ይገኛሉ። ከነዚህ መካከል ልክ የሌለው ብዙ ሀብት ማለት ነው የሚለው ንግግር አለ። ኢብኑ ከሢርም የንግግሮቹ ሁሉ ፍሬ ብዙ ገንዘብ ማለት ነው ብለዋል። ስለዚህ ቃሉ በዐረቦች ጆሮ ውስጥ ከአንድ የታወቀ መጠን ይልቅ የሀብትን ብዛት ያሰማ ነበር።

ቃሉ የማን ነው?

ዑለማዎቻችን ስለ ቃሉ መነሻም ጠይቀዋል። ኢማም አስ-ሱዩጢ (በ911 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት) «አል-ኢትቃን» በተባለው ኪታባቸው ከሌላ ቋንቋ መጡ የተባሉ ቃላትን ሲሰበስቡ ቂንጣርንም አስገብተውታል። የሩም ቃል ነው ያለ አለ፤ የሱርያኒ ነው ያለ አለ፤ የበርበር ነው ያለም አለ።

እዚህ ላይ አንዳንድ አድማጭ «ቁርኣን በግልጽ ዐረብኛ የወረደ አይደለም ወይ?» ሊል ይችላል። ይህንን ጥያቄ የቀደሙት ዑለማእ አንስተው ተወያይተውበታል። አቡ ዑበይድ አል-ቃሲም ኢብኑ ሰላም ሁለቱን ሐሳቦች አስታርቀዋል። እንደ እርሳቸው አባባል እንዲህ ያሉ ቃላት በሥራቸው የሌላ ሕዝብ ነበሩ፤ ዐረቦች ግን በልሳናቸው ቀርጸው የራሳቸው ካደረጓቸው በኋላ ነው ቁርኣን የወረደው። ስለዚህ የባዕድ ናቸው ያለም፣ ዐረብኛ ናቸው ያለም እውነቱን ተናግሯል።

የዘመናችን የቋንቋ ጥናትም የሩምንና የሱርያኒን መንገድ ይደግፋል። በሮማውያን ላቲን ቋንቋ መቶ «ኬንቱም» ይባላል። ከዚህም «ኬንቴናሪዩም» የሚል ቃል ወጣ፤ ትርጉሙ መቶ የያዘ ማለት ነው። ቁርኣን «ሩም» ብሎ የሚጠራቸው የምሥራቅ ሮማውያን ቃሉን በግሪክኛ «ኬንቴናሪዮን» ብለው የመንግሥታቸውን ወርቅ ይመዝኑበት ነበር። አንዱ ኬንቴናሪዮን 100 የእነርሱ ፓውንድ ወርቅ ሲሆን 7,200 የወርቅ ሳንቲም ይወጣው ነበር። ከግሪክኛ ወደ ሱርያኒ፣ ከሱርያኒም ወደ ዐረብኛ ተሻገረና ቂንጣር ሆነ። የቁረይሽ ነጋዴዎች በየዓመቱ ወደ ሻም ይመላለሱ እንደነበር ስናስታውስ የወርቅ ሚዛን ስም አብሯቸው መምጣቱ አይገርምም።

በኋላ ዘመን ጉዞው ተገለበጠ። የሙስሊሞች ንግድ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ሲስፋፋ ቂንጣር ወደ አውሮፓ ተመልሶ ገባ። ስፔኖችና ፈረንሳዮች «ኪንታል» አሉት፤ ጣልያኖች «ኲንታሌ» አሉት። ጀርመኖች ግን የዐረቡን መንገድ ሳይጠብቁ ከላቲኑ በቀጥታ ወስደው «ጼንትነር» ብለውታል።

ወደ እኛ የመጣው የትኛው ነው? ድምፁ ይመሰክራል። ከዐረቡ በቀጥታ ቢመጣ ኖሮ መጨረሻው «ር» በሆነ ነበር። ኩንታል በ«ል» መጨረሱ በአውሮፓውያን አፍ ዞሮ መምጣቱን ያሳያል። ዛሬ በአማርኛም፣ በትግርኛም፣ በኦሮምኛም ይነገራል።

በቀይ ባሕር በኩል ከዐረቦች ጋር ከነበረን ንግድ የቀሩ ሌሎች የሚዛን ቃላትም አሉን። የወርቅ አንጥረኛው ወቄት የዐረቡ «ኡቂያ» ነው፤ እርሱም በግሪክኛ በኩል ወደ ላቲኑ «ኡንኪያ» ይመለሳል፤ እንግሊዞች «አውንስ» የሚሉት የዚሁ ዘር ነው። ቡና የሚመዘንበት 17 ኪሎው ፈረሱላም በዐረብኛ «ፈራሲላ» ይባላል። እንግዲህ ወቄትና ኩንታል ሁለቱም ከሮም ተነሥተው በተለያየ መንገድ ደርሰውን ዛሬ በአንድ ገበያ ተገናኝተዋል።

መቶው የምን መቶ ነው?

ቃሉ በሄደበት አገር ሁሉ «መቶ» የሚለውን ትርጉም ይዞ ሄዷል። ችግሩ የምን መቶ እንደሆነ በየአገሩ መለያየቱ ነው። የግብፅ ቂንጣር 100 ረጥል ሲሆን በኪሎ 45 ገደማ ነው። በሻም አገር ግን ረጥሉ ራሱ ትልቅ ስለነበር ቂንጣሩ ከ250 ኪሎ በላይ ይሆን ነበር። የካስቲል ስፔኖች ኪንታል 46 ኪሎ፣ የጀርመኖቹ ጼንትነር 50 ኪሎ ነው። እንግሊዞችም «የመቶ ክብደት» ብለው የሚጠሩት መለኪያቸው 112 ፓውንድ ነው! በሜትር ሥርዓት የሚሠራው አገር ደግሞ ኩንታልን 100 ኪሎ አድርጎታል፤ የእኛም ይኸው ነው።

በቱርክ አገር ከዚህም አልፎ «ካንታር» የመመዘኛው መሣሪያ ስም ሆኗል። እነርሱ ዘንድ ቃሉ ከክብደት ወደ ሚዛን ተሻገረ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ከክብደት ወደ ጆንያ ተሻገረ። የቋንቋ ሕይወት እንዲህ ነው፤ ማንንም አያስወቅስም። ነገር ግን ጆንያውን ስሙ ስለመዘነው ሳይመዝኑ ሲሻሻጡበት የሰው ሐቅ ይገባበታል።

ሐቁ የት ላይ ይጠፋል?

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ ገበሬ 20 ጆንያ ማሽላ ለነጋዴ አቀረበ እንበል። ሁለቱም «20 ኩንታል» ብለው ተስማሙ። ጆንያው በደንብ ተጠቅጥቆ እያንዳንዱ 105 ኪሎ ከሆነ ገበሬው 100 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ኩንታል፣ ሳያውቀው ያለ ዋጋ ሰጠ ማለት ነው። ጆንያው 95 ኪሎ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ያህል የከሰረው ነጋዴው ነው። ጤፍ በዚያው ጆንያ ቢሞላ ከማሽላ ይከብዳል፤ ስለዚህ ጆንያ አንድ ስለሆነ ክብደቱ አንድ አይሆንም። ነቢዩላህ ሹዐይብ (ዐ.ሰ.) የመድየንን ሰዎች ከመከሯቸው ዋነኛ ነገሮች አንዱ ስፍርንና ሚዛንን መሙላት ነበር። ሱረቱል ሙጦፊፊንም ለራሳቸው ሲሰፈርላቸው አስሞልተው የሚወስዱትን፣ ለሌላው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉትን በብርቱ ያስጠነቅቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዘካ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ከአምስት «ወስቅ» በታች በሆነ እህል ላይ ዘካ እንደሌለ ተነግሯል። አምስት ወስቅ 300 ቁና ነቢ (ሷዕ) ነው። የዘመናችን ዑለማእ ወደ ኪሎ ሲመልሱት ገሚሶቹ 612፣ ገሚሶቹ 653 ኪሎ ገደማ አድርገውታል፤ ማለትም ከስድስት እስከ ስድስት ተኩል ኩንታል ነው። (ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን ለትንሹም ለብዙውም ይወጣል ይላሉ።) እንግዲህ አንዱ ገበሬ ሰባት ጆንያ አገባና «ሰባት ኩንታል አለኝ» አለ፤ ጆንያው 85 ኪሎ ከሆነ ያለው 595 ኪሎ ስለሆነ ኒሷብ አልሞላም። ሌላው ስድስት ጆንያ አገባና «ስድስት ብቻ ነው፤ አልሞላም» አለ፤ ጆንያው 110 ኪሎ ከሆነ ግን 660 ኪሎ ስለሆነ ሞልቷል፤ የሚስኪኑ ሐቅ ጎተራው ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው።

የሚወጣውም መጠን እንደ ውሃው ይለያያል። በዝናብና በምንጭ የበቀለ አንድ አሥረኛ፣ ውሃ ተስቦ በድካም የጠጣ የዚያ ግማሽ እንደሚወጣበት በሐዲስ ተገልጿል። በራያ ሜዳ በዝናብ የሚያርስም፣ በሞተር ከጉድጓድ ውሃ የሚስብም ስላለ እያንዳንዱ የማሳውን ሁኔታ ይዞ አቅራቢያው ያለውን ዓሊም ይጠይቅ።

ውድ አድማጮች! ከሮም ግምጃ ቤት ተነሥቶ ጆንያችን ላይ የተቀመጠው ይህ ቃል ዛሬም የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ አለ፤ «መቶው የምን መቶ ነው?» ይላል። ስንገዛም፣ ስንሸጥም፣ ዘካ ስናወጣም ጆንያ ቆጥረን ከማለፋችን በፊት ሚዛን ላይ እናውጣው፤ የጆንያውንም ክብደት እንቀንስ። የቆቦ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ገበያ ላይ ሲገናኙ ማንም የማንንም ኩንታል ለመጠራጠር ምክንያት አይኑረው። ቁርኣን ቂንጣር ያህል ታምኖ የሚመልሰውን ሰው ካወሳ እኛም ከዚያ ባነሰ አደራ ላይ አንገኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሚዛን ከሚሞሉት፣ አደራ ከሚጠብቁት ያድርገን። የሜዳችንንም አዝመራ በበረካ ይሙላልን። አሚን።