የገና መብራት ታሪክ በቮልት፣ በአምፔርና በዋት

የገና ዛፍ ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉትን መብራቶች የማያውቅ የለም። ሶኬት የሚሰካው ጫፍ አጠገብ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ወረቀት ግን ስንቶቻችን አንብበናታል? «120 ቮልት፣ 0.17 አምፔር፣ 20.4 ዋት» ትላለች አሜሪካ ሰራሿ። ዛሬ ስለዚህች ወረቀት እንጫወት። ታሪክም አላት፣ ንብረትም ታድናለች። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1881 ፓሪስ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ሊቃውንት ተሰበሰቡና «ሁሉም በየራሱ ስፍር መለካቱ ይብቃ» ብለው የጋራ መለኪያ አወጡ። አንደኛውን በ1800 ባትሪ መስራቱን ለዓለም ባሳወቀው ጣሊያናዊ በአሌሳንድሮ ቮልታ ስም «ቮልት» አሉት። ሌላኛውን በፈረንሳዊው አንድሬ ማሪ አምፔር ስም «አምፔር» አሉት። በዓመቱ፣ በ1882፣ ዊልያም ሲመንስ የተባለ መሐንዲስ ደግሞ የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ዋት ስሙ ይታሰብ አለና «ዋት» የሚለውን ሐሳብ አቀረበ።

ልዩነታቸው? ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ አስቡ። ሮቶው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው በኃይል ይገፋል፤ ቮልት ማለት ያ ግፊት ነው። በቧንቧው ውስጥ በየሰከንዱ የሚያልፈው የውሃ መጠን አምፔር ነው። ሁለቱ ሲባዙ ደግሞ ዋት ይገኛል፦ 120 ሲባዛ በ0.17፣ 20.4። አለቀ!

አሁን ወደ ዛፉ። ያኔ ፈረንጆች ዛፋቸውን የሚያበሩት በሻማ ነበር። ደረቅ ጽድ፣ የሚንበለበል ሻማ፣ በዙሪያው ሕጻናት... ውጤቱን መገመት አያቅትም። የቶማስ ኤዲሰን ኩባንያ በሴፕቴምበር 1882 ኒው ዮርክ ውስጥ በፐርል ጎዳና የኃይል ማመንጫውን ስራ አስጀመረ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የኤዲሰን የስራ ባልደረባ ኤድዋርድ ጆንሰን 80 ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አምፖሎች ቤቱ ባለው ዛፍ ላይ ሰቀለ። ዛፉ ራሱ በኤሌክትሪክ ይሽከረከር ነበር! እንግዲህ ዋት የሚለው ስም የቀረበውና ዛፍ በኤሌክትሪክ የበራው በአንድ ዓመት ነው ማለት ነው።

ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ይሄ የሀብታም ጨዋታ ሆኖ ቆየ። ሽቦውን የሚዘረጋ ባለሙያ መቅጠር ያስፈልግ ነበርና። በ1903 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ተገጣጥሞ ያለቀ የመብራት ገመድ መሸጥ ሲጀምር ነገሩ ቀለለ።

እዚህ ላይ ሌላ ችግር መጣ። አንዲት ትንሽ አምፖል 120 ቮልትን ብቻዋን አትችለውም። ስለዚህ 8 አምፖሎችን በአንድ መስመር እየቀጣጠሉ አሰሯቸው። 120 ለ8 ሲካፈል ለእያንዳንዷ 15 ቮልት ይደርሳታል። ይሄ ነው «ሲሪስ» የሚባለው። ጣጣው አንዷ ስትቃጠል ስምንቱም ድርግም ማለታቸው ነው። የበዓል ዋዜማ አባወራው አዲስ አምፖል ይዞ አንድ በአንድ እየቀያየረ ጥፋተኛዋን ሲያድን ያመሻል። በኋላ እያንዳንዷ አምፖል ሙሉውን ቮልት በራሷ መንገድ የምታገኝበት «ፓራለል» መጣ። አንዷ ብትሞት ሌሎቹ አይሰሙም።

አሁን የምናውቃቸው ጥቃቅን አምፖሎች ግን ወደ ሲሪስ ተመለሱ፤ 50 አምፖል፣ ለእያንዳንዷ 2.5 ቮልት ገደማ። ብልሃቱ በአምፖሏ ውስጥ ያለች ቀጭን መሸጋገሪያ ሽቦ ናት። ዋናው ክር ሲበጠስ ከረንቱ በእሷ በኩል ያልፋል፣ የቀሩትም መብራታቸውን ይቀጥላሉ። ግን በነጻ አይደለም! የሟቿን ድርሻ ቮልት የቀሩት ይካፈሉታል፣ ይበልጥ ይግላሉ፣ ቶሎ ይቃጠላሉ። አንዷን ዛሬ ያልቀየረ በቀጣዩ በዓል ገመዱን በሙሉ ይጥላል።

እኛን የሚነካን ጉዳይ እነሆ። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዞልን የሚመጣው ገመድ የተሰራው ለ120 ቮልት ነው። የእኛ ሶኬት 220 ነው። 50ዎቹ አምፖሎች 220ን ሲካፈሉት ለእያንዳንዷ 4.4 ቮልት ይደርሳታል፤ አቅሟ ግን 2.5 ነው። የምትበላው ዋት ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ለአፍታ ደምቃ ታበራና ትሰናበታለች። ይባስ ብሎ የጋለው ነገር የተጠመጠመው በፕላስቲክ ዛፍና በጥጥ «በረዶ» ላይ ነው። ከሻማው ዘመን በምን ተሻልን ታዲያ?

መፍትሔው ቀላል ነው። 220 ወይም 240 የሚል ገመድ መግዛት፤ አለዚያ ዋቱን የሚችል፣ ከ220 ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መጠቀም። ብዙ ገመድ ስንቀጣጥል ደግሞ አምፔሩ ይደመራልና ወረቀቷ ከፈቀደችው ቁጥር አለማለፍ። ኤልኢዲ የተባሉት አዲሶቹ መብራቶች ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚበሉ ሙቀታቸው አነስተኛ ነው፤ የቮልቱ ጉዳይ ግን እነሱንም ይመለከታል።

ጆንሰን ዛፉን ሲያበራ ወረቀት የምታስጠነቅቀው አልነበረም፤ መለኪያዎቹም ገና ስም እየወጣላቸው ነበር። እኛ ግን ወረቀቷ እጃችን ላይ ናት። ከመሰካታችን በፊት እናንብባት። መልካም በዓል!