የድሬዳዋ ስታዲየምና የጥጥ ፋብሪካው ቡድን

የእግር ኳስ ታሪክ የሕዝብ የኑሮና የባሕል ታሪክ አንዱ ገጽ ነው። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ እግር ኳስ በተወሳ ቁጥር ጎልቶ የሚነገረው የአዲስ አበባ ታሪክ ነው። ከዋና ከተማዋ ርቃ በቆላው ምድር የምትገኘው ድሬዳዋ ለዚህ ስፖርት ያበረከተችው ድርሻ ግን በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ በመድረሱ ከተማዪቱ ተቆረቆረች። የደቻቱ ወንዝ ከዚራንና መጋላን ቢለያይም፣ ሥራና ንግድ ኦሮሞውን፣ ሶማሌውን፣ ሐረሪውን፣ አማራውን፣ ዐረቡንና ግሪኩን በአንድነት አኖሯቸዋል። የጥጥ ፋብሪካው ደግሞ ብዙ ሠራተኛ ሰበሰበ፤ በፋብሪካው ስም የተቋቋመው «ኮተን» የተባለው ክለብም የከተማዋ መኩሪያ ለመሆን በቃ።

ኮተን እ.ኤ.አ. በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። የብሔራዊ ቡድኑ አምበል በመሆን የ1954 ዓ.ም.ን የአፍሪካ ዋንጫ የተቀበለው ሉቺያኖ ቫሳሎም ለዚህ ክለብ ተሰልፎ ተጫውቷል። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ የተገኘ ድል እንዲያው የአጋጣሚ ፍሬ ነው ሊባል አይችልም።

የክለቡ ዝና በአገር ውስጥ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ በ1957 ዓ.ም. አክራ ላይ ለግማሽ ፍጻሜ ከደረሱት አራት ቡድኖች አንዱ ኮተን ነበር። የማሊው ስታድ ማልየን 3 ለ 1 ረትቶ ከፍጻሜው ቢያስቀረውም፣ የአንድ ፋብሪካ ቡድን ከአህጉሩ አራት ምርጥ ክለቦች ተርታ መሰለፉ ራሱ ታላቅ ክብር ነው።

ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ደግሞ አፍሪካ ራስዋ ወደ ድሬዳዋ መጣች። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ስታስተናግድ፣ የሞሮኮ፣ የናይጄሪያ፣ የሱዳንና የዛየር ምድብ ጨዋታዎች የተካሄዱት በድሬዳዋ ስታዲየም ነው። ዛየር የዋንጫው ባለቤት ከመሆንዋም በላይ እ.ኤ.አ. በ1974 ለዓለም ዋንጫ የደረሰች አገር ነበረች። ሆኖም በናይጄሪያ 4 ለ 2፣ በሞሮኮ 1 ለ 0 ተሸንፋ፣ ከሱዳን 1 ለ 1 ተለያይታ ከውድድሩ ወጣች። ዘውዱን የጣለችው በዚህች በምሥራቅዋ ከተማ ሜዳ ላይ ነው። ጉዞዋን እዚሁ የጀመረችው ሞሮኮም መጋቢት 5 ቀን አዲስ አበባ ላይ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 በመውጣት ዋንጫውን ወሰደች።

ኮተን እ.ኤ.አ. በ1983 አምስተኛውን ድል ተቀዳጀ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ሻምፒዮንነት ለዐሥርት ዓመታት ወደ ድሬዳዋ አልተመለሰም። ስታዲየሙ ግን ከሥራ አልቦዘነም፤ በ2013 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች በየተራ ሲካሄዱ ከአስተናጋጆቹ አንዱ ሆኗል። የከተማዋን ስም ይዞ የሚጫወተውም ድሬዳዋ ከተማ የተባለው ክለብ ነው።

ዋንጫ ያረጃል፤ ሣርም ይደርቃል። የተጫዋቾቹና የተመልካቾቹ ትዝታ ግን በወቅቱ ካልተጻፈ ከባለቤቶቹ ጋር ያልፋል። ከሽመና መኪናው ሥር ወጥተው ለአገር ስም የተጫወቱ ሠራተኞች ታሪክ በቃል ብቻ ቀርቶ እንዳይጠፋ መዝግቦ ማቆየት የትውልዱ ዕዳ ነው።