የሙጫው ታሪክ፦ ከመሰላ ማሽላ እስከ ሄግ ፍርድ ቤት

«ከግሉተን ነፃ፣ ከወተት ነፃ» የሚል የተለጠፈበት ኬክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዋጋውንስ? መቼም የሌለበት ነገር ካለበት ነገር ሲወደድ ማየት ግራ ያጋባል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ዋጋው አይደለም፤ እዚያ ኬክ ውስጥ ያለው እውቀት የማን ነው የሚለውን ነው። መልሱን ፍለጋ ወደ ጨርጨር ደጋ፣ ወደ መሰላና ወደ ጭሮ እንውጣ።

ጭሮን (የድሮዋን አሰበ ተፈሪን) የቆረቆሯት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ «ፋቡላ» የተባለውን የመጀመሪያ የአማርኛ ቴአትር የጻፉት ሰውዬ። ከተማዋ ከ100 ዓመት ብዙም አትበልጥም። ማሽላው ግን ሌላ ነው። ከ5,000 ዓመት በፊት ገደማ ሰው ማሽላን ያላምድ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ከጎረቤታችን ከምሥራቅ ሱዳን ተገኝቷል። ሐረርጌ ውስጥ ሙይራ፣ ፈንዲሻ፣ ወገሬ እየተባሉ የሚጠሩ የየራሳቸው ጠባይ ያላቸው የማሽላ ዓይነቶች አሉ። ገበሬው የቱ የት እንደሚበቅል፣ የቱ ምን ዓይነት እንጀራ እንደሚወጣው ለይቶ ያውቃል።

እንግዲህ አስቡት። ኅዳርና ታኅሣሥ ደጋው ላይ ብርድ ነው። ማሽላው የሚሰበሰበውም በዚያው ሰሞን ነው። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል፤ በሚጾመው ቤት ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እስከ ገና አይነኩም። ብርድ፣ ማሽላና ጾም በአንድ ወር ተገናኙ ማለት ነው። ያለ ስንዴ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ትኩስ ነገር ጋግሮ ማቅረብ ለእናቶቻችን የዘወትር ሥራ ነበር።

አብሲትና ተልባ

ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ቃሉ በላቲን ሙጫ ማለት ነው፤ ሥራውም እንደዚያው። ሊጡን አያይዞ ይይዛል፣ አየሩን ያግታል፣ ዳቦው ይነፋል። ማሽላ ይሄ ሙጫ የለውም። ታዲያ የማሽላ እንጀራ ለምን አይፈራርስም?

መልሱ አብሲት ነው። ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ በውኃ ይበስላል፣ ከዚያ ተመልሶ ከሊጡ ጋር ይቀላቀላል። ስታርቹ ሲበስል ውኃ ጠጥቶ ይወፍርና ራሱ ሙጫ ይሆናል። ተልባስ? ተፈጭቶ ውኃ ሲነካው ይዝለገለጋል፤ እንቁላል የሚሠራውን የማያያዝ ሥራ ይሠራል። ውጭ አገር ያሉ ፋብሪካዎች ለዚሁ ጉዳይ ዛንታን የሚባል ሙጫ ይጨምራሉ። እዚህ አብሲትን ማን እንደፈጠረው ስሙ አልተጻፈም።

የስንዴ ኬክ ግን እንግዳ ነው። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፦ «ኬክ» ከእንግሊዝኛ፣ «ቶርታ» ከጣሊያንኛ። ነጩን ዱቄት «ፉርኖ» የምንለውም በጣሊያንኛ ምድጃ ከሚለው ቃል ወስደን ነው። እንግዳው መጣና ወንበር ያዘ። ፉርኖ የከተሜ፣ ማሽላ የድሃ ሆነ።

ዳቦ ሲጠፋ የዳኑ ልጆች

ፈረንጆቹስ ግሉተንን መሸሽ የጀመሩት መቼ ነው? ሲሊያክ የሚባል በሽታ አለ፤ የያዘው ሰው ግሉተን ሲበላ አንጀቱ ይጎዳል። ኒውዮርክ ውስጥ ሲድኒ ሃስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 ሕፃናቱን ሙዝ በማብላት እንዳዳነ ጻፈ። ልጆቹ እውነትም ተሻላቸው። ምስጢሩ ግን ሙዙ ላይ አልነበረም፤ ዳቦውን መተዋቸው ነበር።

ይህን ያወቀው ዊለም ዲከ የተባለ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ነው። ስንዴውን ከጦርነቱ በፊትም ይጠረጥረው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ብርድ ናዚዎች የምግብ መንገዱን ዘግተው አገሩ ተራበ። ዳቦ ሲጠፋ ሕመምተኞቹ ልጆች ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ አገረሸባቸው። በ1950 ጥናቱን አቀረበ። በዚያ ክፉ ጊዜ የተጠናከረው እውቀት ዛሬ ብዙ ሰው ያድናል።

ከዚያስ?

ከዚያማ ገበያ ሆነ። ግሉተን የሌለው እህል ሲፈለግ ጤፋችን ተገኘ። በ1997 ዓ.ም. አገራችን ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ ስምምነት ተፈራረመች። ኩባንያው የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አወጣ፤ በኋላም ከሰረ። ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ቀረ፤ ከስምምነቱ ያገኘነውም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በመጨረሻ ኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ውድቅ አደረገው።

ደስ ብሎናል። ግን የማሽላውስ ተራ ቢደርስ? ጨርጨር ላይ ጫት መሬቱን እየወሰደ ነው። ገበሬውን አልወቅስም፤ ጫት ገንዘብ ያመጣል። ነገር ግን አንድ የማሽላ ዓይነት መዘራቱ ሲቀር ዘሩ በጂን ባንክ ቢተርፍ እንኳ እንዴት እንደሚጋገር የምታውቀው ሴት እጅ ባንክ አይገባም። ስለዚህ እኛ የምንችለው ሁለት ነገር ነው፦ መጻፍና መጋገር።

እንጋግር

ሁለት ኩባያ የማሽላ ዱቄት አዘጋጁ። ግማሽ ኩባያውን በሦስት ሩብ ኩባያ ውኃ አብሲት አድርጋችሁ አብስሉና አቀዝቅዙ። አንድ ኩባያ የተከተፈ ተምር በትኩስ ቡና ዘፍዝፉ (ከረመዳን የተረፈ ተምር ከጎረቤት አይጠፋም)። ሁለት ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በስድስት ማንኪያ ውኃ በጥብጡ። ሦስት የበሰለ ሙዝ ጨፍልቁ፣ ለዶክተር ሃስ መታሰቢያ። ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው ጨምሩና ሁሉንም ቀላቅሉ። በ180 ዲግሪ 50 ደቂቃ ያህል ይጋገር። ምድጃ ከሌለ ወፍራም ድስት፣ ከሥርም ከክዳኑም ላይ ፍም። ሳይቀዘቅዝ ከቆረጣችሁት ይፈራርሳል፤ ታገሱ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሲሊያክ ላለበት ሰው ከሆነ ስንዴ የፈጨ ወፍጮ ላይ የተፈጨ ማሽላ አይሆንም። ለብቻ አስፈጩ፣ የቤኪንግ ፓውደሩንም ጽሑፍ አንብቡ።

ኬኩ እስኪቀዘቅዝ ደግሞ እናታችሁን ወይም አያታችሁን አብሲት እንዴት እንደሚጣል ጠይቁና ጻፉት። ስማቸውንም ጻፉበት።

ቸር እንሰንብት!