ፍሪላንሰር ናችሁ ወይስ ተቀጣሪ? ሳትፈርሙ ይህን አንብቡ

ዲዛይን፣ ትርጉም፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ የሶሻል ሚዲያ ገጽ ማስተዳደር... ዛሬ ብዙ ወጣት ቢሮ ሳይገባ በየሥራው እየተዋዋለ ይሠራል። ሥራው በቴሌግራም ይመጣል፣ ክፍያው በ2013 ሥራ በጀመረው ቴሌብር ወይም በባንክ ይገባል። ለድርጅቶችም ቋሚ ሠራተኛ ከመቅጠር ይህ ይቀላቸዋል። ለምን?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ ንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት እየተከፈለው የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። የእሱ ጉዳይ የሚታየው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለዚህ ተቀጣሪ የሚያገኛቸው እነዚህ ነገሮች ፍሪላንሰር ጋ የሉም፦

▪️ ለመጀመሪያው የሥራ ዓመት 16 የሥራ ቀን እረፍት፣ ከነክፍያው
▪️ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ፣ ከነደሞዙ
▪️ ሲታመሙ አንድ ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር ግማሽ
▪️ አሠሪው ከኪሱ የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ

ዋጋ ስትጠሩ እነዚህን አስቡባቸው። የተቀጣሪን ደሞዝ ያህል ብቻ ከጠየቃችሁ ከስራችሁ ናችሁ።

ደግሞ ወረቀቱ ላይ "ፍሪላንሰር" ስለተባለ ብቻ ነገሩ አያልቅም። በአለቃ ትእዛዝ፣ በተወሰነ ሰዓት እየገባችሁና እየወጣችሁ በየወሩ የምትከፈሉ ከሆነ ቅጥር ነው ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። አዋጁ የሚያየው ሥራው በአሠሪው መሪነት መሠራቱን ነው።

እኛም ተቃጥለንበታል። አንድ ድርጅት ጽሑፍ አሠርቶን "ነገ፣ ከነገ ወዲያ" ሲለን አራት ወር አለፈ። የተስማማነው በስልክ ስለነበር የምናሳየው ነገር አልነበረንም። ብሩ እዚያው ቀረ።

በመሠረቱ የቃል ውልም ውል ነው፤ ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይከለከልም ይላል። ስለዚህ፦

1. ዋጋውን፣ የማስረከቢያና የክፍያ ቀኑን፣ ስንት ጊዜ እንደምታርሙ በጽሑፍ ተስማሙ። በስልክ ካወራችሁም "እንዲህ ተስማምተናል አይደል?" ብላችሁ ቴክስት ላኩና መልስ ተቀበሉ።
2. ሳትጀምሩ ቅድመ ክፍያ ጠይቁ።
3. ቻቱንና የላካችሁትን ፋይል አታጥፉ።
4. የግብር መለያ ቁጥር (ቲን) አውጡ። ከሌላችሁ ድርጅቱ ሲከፍላችሁ ከፍ ያለ ግብር ቆርጦ ያስቀራል።

አሁን ሥራ ሊጀምር ያለ ጓደኛ ካላችሁ ሳይፈርም አድርሱለት።