ቀጣዩ ኳስ፦ ከጥር 13 እስከ ጥር 13

የአሜሪካኖቹ ፉትቦል እስካሁን በቅጡ አይገባኝም። ሄልሜት አድርገው ይጋጫሉ፣ ይቆማሉ፣ ደግሞ ይጋጫሉ። ግን ግቢ እያለን አንዷ የዶርም ጓደኛዬ ያሳየችኝ አንድ ቪዲዮ አለ፤ ከስልኬ አጥፍቼው አላውቅም።

በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማብቂያ (በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2018) የአላባማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ለዋንጫ ተገናኙ። አላባማ 13 ለ 0 እየተመራ ለዕረፍት ወጣ። አሰልጣኙ ኒክ ሳባን ኳርተርባኩን ቀየረ። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር በሁለት በሦስት ሰከንድ የሚወስነው ልጅ ነው። የገባው ቱዋ ታጎቫይሎዋ የሚባል የ19 ዓመት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ጨዋታው አቻ ሆኖ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ፤ ጆርጂያም በ3 ነጥብ መራ። የአላባማ ተራ ሲደርስ ቱዋ በመጀመሪያው ኳስ ቶሎ መወሰን አቅቶት ወደ ኋላ ሲሸሽ ተያዘና ቡድኑን 16 ያርድ አከሰረው። እኔ ብሆን እዚያው ሳሩ ላይ ተኝቼ አለቅስ ነበር። እሱ ግን በቀጣዩ ኳስ 41 ያርድ ወረወረ። ጓደኛው ቀለባት፣ ዋንጫውም የአላባማ ሆነ።

ቪዲዮውን ባየሁት ቁጥር ትዝ የሚለኝ ግን አሜሪካ ሳይሆን ሲቀላ ያለ አንድ የዲኤስቲቪ ቤት ነው።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ሰኞ ነበር፤ ጥምቀት በወጣ በሁለተኛው ቀን። አርባ ምንጭ ከነማ ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሎ ከተማው ሁሉ ኳስ ኳስ በሚልበት ሰሞን ነው። ታላቅ ወንድሜ እጄን ይዞ ወሰደኝ። አግዳሚው ሞልቶ ሰው በመስኮት ያያል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ትጫወታለች። ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን! ሳላዲን ሰይድ መታ፤ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነበት። ቤቱ ውስጥ ያልተሰደበ የሳላዲን ዘር አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ደግሞ ምቤሱማ አገባብን። አንዳንዱ ሰው ተነስቶ ሄደ።

የሄዱት የ65ኛው ደቂቃ አመለጣቸው። በ10 ሰው አዳነ ግርማ አገባ፤ 1 ለ 1 አለቀ። በማግስቱ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ «ወኔ» ነበር።

ይቺ «ወኔ» የምትባል ቃል ናት የማትዋጥልኝ። ስናሸንፍ ወኔ ነበረን፣ ስንሸነፍ ወኔ አጣን። በቃ? ወኔማ እግር የላትም፤ ኳሱን ለማን እንደምታቀብል አትነግርህም።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ቀን ስቆጥር ያገኘሁት ነገር ገርሞኛል፤ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የበላችውም ጥር 13 ቀን ነው፤ በ1954 ዓ.ም.። ልክ 51 ዓመት።

የዚያን ቀን አዲስ አበባ ስታዲየም የገጠምነው በወቅቱ የተባበረች አረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን ነው። ግብፅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች አገር ናት። በ1949 ካርቱም ላይ 4 ለ 0፣ በ1951 ካይሮ ላይ ደግሞ 4 ለ 0 ያሸነፈችን እሷው ናት። እንዲህ ያለ ትዝታ ይዞ ሜዳ መግባት በራሱ ሸክም ነው።

በ35ኛው ደቂቃ በዳዊ አገባ። እስከ 74ኛው ደቂቃ ተመራን፤ ከዚያ አቻ ሆንን። ስታዲየሙ ጮሆ ሳይጨርስ፣ በ75ኛው ደቂቃ፣ ያው በዳዊ ደገመ። አንድ ደቂቃ! አርባ ደቂቃ ለፍተህ ያገኘኸውን በአንድ ደቂቃ ስትቀማ ራስ ይዞራል፤ ሁሉም ወደፊት ይሮጣል፣ ሁሉም ብቻውን ሊያስተካክል ይፈልጋል።

የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት፤ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ዘመን የተጫወተ፣ በወጣትነቱ አስመራ ባቡር ድርጅት በመካኒክነት የሠራ አማካይ ተጫዋች። እንግዲህ የኛ ኳርተርባክ እሱ ነው። 9 ደቂቃ ቆይቶ፣ በ84ኛው ደቂቃ፣ ራሱ ሉቺያኖ አገባ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግስቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ ጨመሩ። 4 ለ 2። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ሉቺያኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ለኔ ከአራቱም ጎሎች ይልቅ እነዚያ 9 ደቂቃዎች ይበልጡብኛል። የጎሎቹን ደቂቃ ብቻ ተመልከቱ። የደነገጠ ቡድን በ75ኛው ደቂቃ እንዲያ ተመትቶ ሌላ ጎል ይጨመርበታል እንጂ አራት አይደርስም።

የተቃራኒውን ማስረጃም ራሳችን ሰጥተናል። ዛምቢያን በ10 ሰው ካቆምን ከአራት ቀን በኋላ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ተጫወትን። 1 ለ 0 እየተመራን ሳለ የነሱ ግብ ጠባቂ ከሳጥኑ ውጭ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ወጣ። ዲኤስቲቪ ቤቱ በደስታ ፈረሰ፤ እኛ 11፣ እነሱ 10! ከዚያ በኋላ ሦስት ጎል ገባ። ሦስቱም የነሱ። 4 ለ 0።

ሰዎቹ በአብዛኛው ያው የዛምቢያዎቹ ናቸው፤ በአራት ቀን ወኔ አያልቅም። እንደኔ እንደኔ ያለቀው ውሳኔ ነው። 10 ሆነን ሳለ እያንዳንዱ ሥራውን ያውቅ ነበር፤ ጠብቅ፣ ዝጋ፣ ስታገኝ ውጣ። 11 ለ 10 ስንሆን ግን ጎሉን ሁሉም አሁኑኑ ፈለገው፤ ከኋላችን የተከፈተውን ሜዳ የሚያይ ጠፋ። (በሦስተኛው ጨዋታ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን መጣን፤ ቪክተር ሞሰስ በ80ኛውና በ90ኛው ደቂቃ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት። እስከ 80 ቆመን ነበር ማለት ነው።)

ሉቺያኖ ቫሳሎ በ2015 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ሮም ውስጥ አረፈ። ወንድሜን ደውዬ ስነግረው «ማነው እሱ?» አለኝ። የሳላዲንን ፍጹም ቅጣት ምት ግን ምዊኔ በየትኛው እጁ እንዳዳነው ሳይቀር ይተርክልኛል።