የሞስታር ድልድይ ዳግመኛ መሠራትና የድልድይ ትርጓሜ

ድልድይ ለመሻገሪያ የሚሠራ ቢሆንም፥ ብዙ ዘመን የኖረ እንደ ሆነ የሕዝብ መታወቂያ ይሆናል። በቦስኒያና ሄርዜጎቪና በኔሬትቫ ወንዝ ላይ የሚገኘው የሞስታር ድልድይ ለዚህ ምስክር ነው። የከተማዪቱ ስም ራሱ «ሞስታሪ» ከተባሉት የድልድይ ጠባቂዎች የመጣ ነው።

ድልድዩ በሱልጣን ሱሌይማን ትእዛዝ ተጀምሮ በ1566 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ተፈጸመ። መሐንዲሱ ሐይሩዲን የቀድሞውን የእንጨት ድልድይ ተክቶ፥ 29 ሜትር ያህል የሚዘረጋ አንድ የድንጋይ ቅስት አቆመ። የከተማው ወጣቶች ከቅስቱ አናት ወደ ወንዙ እየዘለሉ ጉብዝናቸውን ማስመስከር ልማድ ሆነ።

በ1993 ኅዳር 9 ቀን የክሮአት ጦር በመድፍ ደብድቦ አፈረሰው። በላሄ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ይህን ድርጊት በ2013 ወንጀል ነው ብሎ ፈረደ፤ የይግባኙ ችሎት ግን ድልድዩ በዚያን ጊዜ ለውጊያ ያገለግል ስለ ነበር፥ በ2017 ይህን የፍርድ ክፍል ሻረው። እንግዲህ ያው ድልድይ ለነዋሪው የሕይወት መንገድ፥ ለወታደሩም የስንቅና የጥይት መተላለፊያ ነበር ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የሀንጋሪ ጦር ጠላቂዎች ከወንዙ ውስጥ ድንጋዮቹን አወጡ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ለሥራ የማይበቁ ስለ ሆኑ፥ ከከተማው አቅራቢያ በጥንቱ ዓይነት ድንጋይ ተሠራ። በ2004 ሐምሌ 23 ቀን የብዙ አገሮች መልእክተኞች በተገኙበት ተመረቀ፤ ወጣቶችም እንደ ቀድሞው ዘለሉ። በማግሥቱ ዓመት በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

በዚያ ቀን ድልድዩ የተለያዩ ሕዝቦችን የሚያገናኝ የዕርቅ ምልክት ተባለ። ነገር ግን በጦርነቱ ጊዜ ቦስኒያኮችንና ክሮአቶችን የለየው ግንባር በወንዙ ላይ ሳይሆን፥ ከወንዙ በስተምዕራብ ባለው ሰፊ ጎዳና ላይ ነበር። ድልድዩ ያገናኛቸው ሁለቱ ዳርቻዎች በቦስኒያኮች እጅ የነበሩ ናቸው። ድልድዩ ከተመረቀ በኋላም ከተማው ከ2008 እስከ 2020 ድረስ የምክር ቤት ምርጫ ሳያደርግ ቈየ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ምሳሌው ሐሰት ነው የሚል አይደለም። ምሳሌው ተስፋን ይናገራል፤ ቦታውን ግን የሚወስነው ታሪክ ነው። የፈረሰ ቅስት በሦስት ዓመት ሥራ ሊቆም ይችላል፤ በጎዳናው ግራና ቀኝ ባሉት ሰዎች መካከል የፈረሰውን ግን መሐንዲስ ብቻውን አይሠራውም።