በግማሽና በእጥፍ ማባዛት፦ የብዜት ባሕርይና የቁጥር አጻጻፍ

ማባዛት ለጀማሪ ተማሪ የሚተዋወቀው ተደጋጋሚ መደመር ተብሎ ነው፤ 24 በ13 ሲባዛ 24ን 13 ጊዜ መደመር ማለት ነው። ብያኔው ትክክል ቢሆንም ማንም እንዲህ አያሰላም። ተማሪው የማባዛት ሰንጠረዥ ይሸመድዳል፣ ከዚያም ቁጥሮቹን ከላይና ከታች ደርድሮ ማባዛትን ይለምዳል። ብያኔው ስሌቱን እንዴት እንደሚወልድ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል።

በውጭ የሒሳብና የኮምፒውተር ጽሑፎች «የኢትዮጵያውያን ማባዛት» ወይም «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት» እየተባለ የሚጠራው ዘዴ ይህን ጉዳይ ፍንትው አድርጎ ያሳያል። በግራ 13 ይጻፍና እየተጋመሰ ይወርዳል፤ ትርፍ ሲመጣ ይጣላል፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 24 እጥፍ እየሆነ ይወርዳል፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ቀጥሎ በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበት ረድፍ፣ እዚህ ላይ የ6 ረድፍ፣ ይሰረዛል። በቀኝ የቀሩት 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ይሆናሉ።

የሚያጠራጥረው የተጣለው ትርፍ ነው። እየተጣለ የሚሠራ ስሌት እንዴት ልክ ይመጣል? አንዱን ቁጥር አጋምሰን ሌላውን እጥፍ ብናደርግ ብዜቱ አይለወጥም፤ 6 ጊዜ 48 እና 3 ጊዜ 96 እኩል ናቸው። 13 ግን ለሁለት እኩል አይከፈልም። ስለዚህ 12 ሲደመር 1 ብለን እናየው፤ 12 ጊዜ 24 ወደ 6 ጊዜ 48 ሲዛወር አንድ 24 ይቀራል። የተጣለ የመሰለው ትርፍ በቀኙ ዓምድ 24 ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። በ3 ረድፍም እንዲሁ 96 ይቀመጣል። 6 ትርፍ ስለሌለው የሚቀመጥለት ነገር የለም፤ የሚሰረዘውም ለዚህ ነው። ይህ ማባዛት በመደመር ላይ የሚሰራጭበት ባሕርይ ነው። የትምህርት ቤቱም ስሌት የሚቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ ልዩነቱ 13ን ወደ 10 እና 3 መበተኑ ብቻ ነው።

ዘዴውን ከጥንታዊት ግብፅ ስሌት ጋር አንድ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። አህሜስ የተባለው ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የገለበጠውና ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየም የሚገኘው የሪንድ ፓፒረስ በእርግጥም በእጥፍ ያባዛል። ይሁንና የግብፁ ሰው 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ ይወርድና ድምራቸው 13 የሚሆኑትን 1፣ 4 እና 8ን ራሱ ይመርጣል። በማጋመሱ ዘዴ መራጩ ትርፉ ነው። የሚደመሩት ቁጥሮች አንድ ስለሆኑ ብቻ የዘር ሐረግ መምዘዝ ችኮላ ይመስለኛል።

ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ዘዴው ከአጻጻፍ ነጻ መሆኑ ነው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ፳፬ ሃያ ሲደመር አራት፣ ፫፻፲፪ ደግሞ ሦስት ጊዜ መቶ ሲደመር አስራ ሁለት ነው። (ብዜት እዚያው አጻጻፉ ውስጥ መግባቱን ልብ ይሏል፤ 1900 ራሱ ፲፱፻፣ አስራ ዘጠኝ ጊዜ መቶ ነው።) የትምህርት ቤቱ ስሌት የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የመቶ ቤት ካልተለየለት አይንቀሳቀስም። ማጋመስና እጥፍ ማድረግ ግን በጠጠርም ይሆናል።

ፍጥነቱም የሚናቅ አይደለም፤ በ1000 ለማባዛት 10 ረድፍ ይበቃል፣ በተደጋጋሚ መደመር ቢሆን 999 ጊዜ መደመር ነበረብን። ወደ ምሳሌያችን እንመለስና የቀረውን ረድፍ 1፣ የተሰረዘውን 0 ብለን ከታች ወደ ላይ ብናነብ 1101 እናገኛለን። 13 በባይናሪ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ፣ የሚጻፈው እንዲሁ ነው፤ ለኮምፒውተርም ማጋመስ አሃዞቹን አንድ ቤት ወደ ቀኝ፣ እጥፍ ማድረግ አንድ ቤት ወደ ግራ ከመግፋት አይበልጥም።